ለእናቴ በየማለዳው ስለሚሰጣት የመሬት ደብተር

ለተከበሩ የወረዳችን የመሬት መዝገብ ኃላፊ

ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከነሠራተኞችዎ፣ ከነኮምፒውተርዎ እንደምን ሰንብተዋል? መብራት አይጥፋብዎ። እኔማ ደስታዬ ወደር አጥቷል። እናቴ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለገብስ ማሳዋ የይዞታ ደብተር ፍለጋ አራት ዓመት ተመላልሳ፣ ሳታገኝ ባለፈው ጥቅምት አረፈች፤ ከሞተች ወዲህ ግን ጽሕፈት ቤትዎ በየማለዳው ይሰጣታል። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

1. አዲሱን የኮምፒውተር መዝገብ የሚሠራው አቶ በዕውቀቱ፣ ከቢሮዎ የምንፈልገውን እያንዳንዳችንን ጠይቆ «የተገልጋይ ታሪክ» በሚል ማስቀመጡ ትልቅ ሥልጣኔ ነው። የእናቴ «እኔ አረጋዊት ባለይዞታ፣ ለልጄ አውርሼ እንዳርፍ፣ ደብተሬን ማግኘት እፈልጋለሁ» ይላል። ከሥሩም መዝገቡ በትክክል መሥራቱ የሚታይበት መፈተኛ አለ፦ «ጥሩሸዋ መስኮቱ ጋ ቀርባ አሻራዋን ብትሰጥ ደብተሯን ትቀበላለች።» ማሽኑ እሷ የቀረበች አስመስሎ ይህንን በየማለዳው ራሱ ይሞክራል፤ ስሟም አጠገብ «አልፏል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። በሕይወቷ እንዲያ ቀንቷት አያውቅም።

2. ሙከራው ከእውነተኛው መዝገብ ጋር መቀላቀሉም አልከፋኝም። የውርስ ማመልከቻዬን ይዤ ብቀርብ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ትርሲት ማሽኑን አየት አድርጋ «እትዬ፣ እናትዎ እኮ ዛሬ ጠዋት በአካል ቀርበው ተቀብለዋል፤ በሕይወት ያለ ሰው አይወረስም» አለችኝ። በየት በኩል እንደሄደች ለማየት ወደ በሩ ዞር ብዬ ነበር፤ አይፍረዱብኝ።

3. የእናቴን ታሪክ ከማሽኑ እንዲያወጣልኝ አቶ በዕውቀቱን ብለምነው «ከወጣ ያለፉት ፈተናዎቻችን ቁጥር ይጎድላል፤ ዞኑ ሪፖርት ይጠብቃል» አለኝ። ልክ ነው! ለሪፖርት ሲባል አንዲት አሮጊት በየማለዳው ከመቃብር ብትነሣ ምን አለበት? ብቻ ጎረቤቴ ወይዘሮ አማከለች በዚያ ሰዓት በማሳው አታልፍም፤ እኔም ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ቶሎ አልከፍትም።

ቀበሌውም ባለቤቷ ራሷ ካልመጣች ማሳውን ማንም አያርሰውም ብሎ አግዶኛል፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ያቺን ሴት ከመስኮትዎ ያሰናብቱልኝ፤ ትረፍ፤ መሬቱንም በስሜ ያዙሩልኝ።

በመስኮትዎ ፊት ቆሞ ማርጀትን እንደ ክብር የምቆጥር፣ ውድ ጊዜዎን በመሻማቴም አጥብቄ ይቅርታ የምጠይቅ፣
ታዛዥዎ እታገኝ ወዳጆ

ጨምሬ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ አቶ በዕውቀቱ «ደስ ይበልዎ» ብሎ የእኔንም ታሪክ ማስገባቱን አበሠረኝ። «እታገኝ ብታመለክት ውርሷን ትቀበላለች» ይላል፤ ዛሬ ማለዳ ተሞክሮ አልፏል። በእጄ ግን ምንም የለም። እንግዲህ እኔም ሞቼ እንደሆነ ቶሎ ያስታውቁኝ፤ ለተዝካሬ የሚሆን ገብስ የምዘራበት ማሳ የለኝምና።