በገበታዬ ላይ ለጎደለው ስለተሰጠኝ ዜሮ

መካነ ሰላም፣ ሰኔ ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አሻግሬ፣ የጎልማሶች ማሠልጠኛ ጣቢያችን ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፤ ክቡር ማለት ቀርቷል ተብሎ በስብሰባ ተነግሮናል፤ ጓድ ልበልዎ ብል ደግሞ አብረን በልተን ስለማናውቅ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ስለዚህ ከሁለቱ የሚስማማዎትን ይያዙና ሌላውን ይመልሱልኝ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ጆሮዎ ደኅና ነው ወይ? ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ። እኔ ተመስገን ነው፤ ጎረቤቴ አቶ ጀብሪል እንደሚለውም አልሐምዱሊላህ፤ ከትምህርት ገበታ ካባረሩኝ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ ይኸው ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ለዘመቻ ከመጡት ተማሪዎች ስለሆነ፣ ሀሌታውን ሀና ሐመሩን ሐ ባምታታቸው በኔ ይፍረዱ እንጂ በልጆቹ አይፍረዱ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ያላመጣሁልዎ ደግሞ ንቄዎት አይደለም፤ ዜሮውን የሰጡኝ ሰው በተሰበሰበበት ስለሆነ፣ መልሱም ሰው በተሰበሰበበት ቢነበብ ለሁለታችንም ክብር ነው ብዬ ነው።

መቼም እንዴት ጣቢያዎ እንደገባሁ አይረሱትም፤ የሚያነብ ሰው ግን ላያውቅ ይችላልና ልናገር። ባለቤቴ ይርገዱ በክፉው ዘመን ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ዘመዶቼ ተሰብስበው፣ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሽሮ ሲያማስል አይተን አናውቅም፣ ወይ አግባ ወይ ከኛ ቤት እየመጣህ ብላ ብለው ያዙኝ። ሚስት እንደ ወንፊት ከጎረቤት የምትዋስ አልመሰለችኝም፤ ከሰው ቤት ደጃፍ ቆሜ ምሳ ደርሷል ወይ ማለትም አይሆንልኝም። በዚህ መካከል ጣቢያዎ የሥነ ምግብ ትምህርት ለሁሉም፣ ያለ ልዩነት ብሎ በገበያ ሲያስለፍፍ ሰማሁና፣ ለሁሉም የሚለውን ቃል አምኜ ተመዘገብኩ። ያ ሁሉ ሴት በተቀመጠበት ክፍል እኔ አንድ ወንድ ጋቢዬን ተከናንቤ ገባሁ። ወይዘሮ በለጡ በመጀመሪያው ቀን፣ አያ አድማሴ፣ መቀነት እናውስዎት ወይ ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው፤ እኔም ፈተናውን ከበለጥኩሽ ያንቺኑ ፈትቼ ነው የምወስድ ብያት አብረን ሳቅን። ሰው እንደዚህ ከሳቀ ዘመኑ ቆይቶ ነበርና፣ ስለዚያ ሳቅ ጣቢያዎን ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና እሾህ የለበትም፤ ከዚህ በታች ያሉትን ግን እያስተዋሉ ይንኳቸው።

አንደኛ፤ ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። በግድግዳው ላይ ያሰቀሉልን ዓሣ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና የተላጠ እንቁላል እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ፓፓያው እህል ይሁን የደጋ ሰው ያላየው አውሬ ለይቼ ባላውቅም፣ በሽታ ተከላካይ ነው ስለተባልኩ አምኜ ተቀብያለሁ። እንቁላሉን ያስጠኑን ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ስለነበረ፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው ነው ገንቢ ነው ያሉት። መምህራችን ወይዘሪት ብርሀንነሽ የከተማ ልጅ ብትሆንም አስተዋይ ናትና፣ በማግስቱ ባቄላና ምስር ይዛ መጥታ እነዚህም ገንቢ ናቸው ብላ አሳረፈችን። ሽሮ ሳይጓጉል ማማሰልንም ያወቅኩት ከሷ ነው። በሷ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬን ሳልቆራርስ ሙሉውን ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ነው። በእርስዎ ትእዛዝ በሰሌዳው አናት ላይ ተጽፎ፣ በየዕለቱ እንድንገለብጠውና በአንድ ድምፅ እንድንለው የተሰጠን፣ ረሃብ የሚመጣው አመጋገብን ካለማወቅ ነው የሚለው። እኔ ሁሉንም ስገለብጥ ከርሜ እሱ ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀምጣለሁ፤ ሰነፍ ነው ተባልኩ። ጓድ ሆይ፣ እኛ እኮ ምን እንደሚበላ እናውቅ ነበር! በልጉ ቀረ፤ መኸሩ ተከትሎት ቀረ፤ ለዘር ያስቀመጥነውን በላን፤ የመሬቱ ጌታ ግን ሰማዩ ሲረሳን እሱ ድርሻውን አልረሳም። በሬዎቼን ወረኢሉ ድረስ ነድቼ ሸጥኩ፤ በዋጋቸው የገዛሁትን እህልም ቆጥበን ቆጥበን ጨረስነው። ያን ጊዜ ይርገዱ ድስቱን እያቀረበችልኝ፣ እኔ ስሠራ ቀማምሻለሁ፣ ጠግቤያለሁ፣ አንተ ብላ ትለኝ ነበር። ይህች ሴት አመጋገብ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም የሞተችው። ድስቱ ውስጥ ያለው ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት እንደማይበቃ ከማንም አብልጣ ስለምታውቅ ነው የሞተችው።

ሆኖም ዓረፍተ ነገሩን ጨርሼ አልጥለውም፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ ያላወቀው ሰው ስም። ለውጡ ከመጣ ወዲህ በዚያን ጊዜ በየቢሮው የነበሩት ሁሉ አናውቅም ነበር ማለታቸውን ሰምተናል። እንግዲያው ረሃብ የመጣው እገሌ ካለማወቁ ነው ተብሎ ይታረምና፣ እኔ አድማሴ ደብተሬ እስኪያልቅ እገለብጠዋለሁ፤ በዜማም በሉ ካላችሁ በዜማ እላለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈተናው። ለቃል ፈተናው እርስዎ ራስዎ መጥተው፣ የአባትዎ እኩያ የሆንኩትን ሰው አንተ ተነሥ ስላሉኝ በጣም አመሰግናለሁ፤ ወጣትነት ተሰማኝ። ጥያቄው በቤትህ ገበታ ላይ የጎደለው ምንድን ነው የሚል ነበር። እኔም ወንበሬን ይዤ አሰብኩ። ባቄላ አለ፤ ጎመን በጓሮ አለ፤ ዘንድሮ ተመስገን ገብስም አለ፤ ሽሮውንም ራሴ አማስለዋለሁ። ሦስቱንም የምግብ ወገኖች በየተራ በልቤ ዞርኩና የጎደለውን አገኘሁት። ይርገዱ አልኩ። እርስዎም ይርገዱ ምንድን ናት፣ ገንቢ ናት ወይስ ኃይል ሰጪ ብለው ሳቁ። ከርስዎ ሌላ የሳቀ እንዳልነበረ ያስታውሱ ይሆናል። እኔ ሦስቱም ነበረች ብዬ ተቀመጥኩ። እርስዎም ዜሮ ብለው ጻፉ።

አራተኛውን ጽፌ ስጨርስ ስድብ ሆኖ ስላገኘሁት ሰርዤዋለሁ። እንዳነበቡት ይቁጠሩልኝ።

አምስተኛ፤ አድማ መርተሃል ተብዬ ስለተባረርኩበት ነገር። ከኔ ቀጥላ የተነሣችው ወይዘሮ በለጡ ናት፤ ያው የመቀነቷ ባለቤት። የጎደለው ምንድን ነው ሲሏት ያለው አለች። እርስዎም ተቆጥተው፣ የጎደለውን ነው የጠየቅኩሽ እንጂ ያለውን አይደለም አሏት። እሷም ቀስ ብላ፣ ያለው ልጄ ነው፣ ጌታዬ፣ በዚያ ዓመት ነው የጎደለብኝ አለችዎ። ከዚያ በኋላ የተነሡት ሴቶች አንዷ እናቷን፣ አንዷ መንትዮቿን፣ አንዷ ባሏን እየጠሩ ተቀመጡ፤ እርስዎም ዜሮ ሲጽፉ እርሳስዎ ዶለዶመ። በዚህ ጊዜ ነው ወደኔ ጠቁመው፣ ይህ ሽማግሌ ነው ያሳደማቸው፣ ውጣ ያሉኝ። አባቴ አድማሴ ብሎ ስም ሲያወጣልኝ ለአድማ ብሎ እንዳልሆነ በክርስትና አባቴ አስመሰክራለሁ። ደግሞስ እነዚህን ሴቶች እንዲህ ብላችሁ መልሱ ያላቸው ማን ነው? እርስዎ አይደሉም ወይ የጠየቁት? ሰው የጎደለበትን ቤት ምን ጎደለብህ ብሎ ጠይቆ፣ ፕሮቲን የሚል መልስ ከጠበቀ፣ ፈተናውን የወደቀው ጠያቂው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይቅርታ ለመጠየቅ ይህን ሁሉ ቀለም አልፈጀሁም። መልሴንም አልቀይርም፤ ነገም ቢጠይቁኝ ይርገዱ ነው፣ ከነገ ወዲያም ይርገዱ ነው። የምፈልገው በመዝገብዎ ላይ ለኔም፣ ለበለጡም፣ ለሌሎቹም ሴቶች ትክክል ተብሎ እንዲጻፍልንና ያ ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ላይ እንዲጠፋ ነው፤ ማጥፊያ ጨርቅ ከጠፋ የጋቢዬ ጫፍ አለ። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ እመጣለሁ። ዘበኛዎን አታስገባው ብለውት እንደሆነ ከሱ ጋር አልጣላም፤ ከደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እማራለሁ፤ የወይዘሪት ብርሀንነሽ ድምፅ ከዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የቀረኝም የጎመን ትምህርት ነው። ሴቶቹ ደግሞ አያ አድማሴ ደጅ ከተቀመጡ እኛም ደጅ ነን ብለዋል፤ እኔ እንዳላሳደምኳቸው ግን በድጋሚ አረጋግጥልዎታለሁ።

ቸር ያሰንብትዎ፤ ገበታዎ ሙሉ ይሁን፤ ዙሪያውን የሚቀመጠውም ሰው አይጉደልብዎ። ይህን ስል ማሽሟጠጤ አይደለም፤ ለጠላቴም አልመኘውም።

ከሴቶች መካከል ተቀምጦ በወንድነቱ ያላፈረ፣ በዜሮው የሚኮራ፣ ሽሮው የማይጓጉልበት፣ የይርገዱ ባል

አድማሴ ውበቱ

ማስታወሻ፤ በክፉው ዘመን መግቢያ ላይ፣ እርስዎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ከረባት አስረው ተቀምጠው ሳለ፣ እኔና ሌሎች ሽማግሌዎች ገብተን አዝመራው መጥፋቱን ስንነግርዎ፣ ለበላይ አስታውቃለሁ ብለውን ነበር። ከረባቱ ሲወልቅና ካኪው ሲለበስ አይተናል፤ የበላይን መልስ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላየንም። ምናልባት ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል። ስለዚህ አሁን በዚህኛው እንዳይደክሙ ብዬ፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ አቶ ጀብሪል ለንግድ ሲሄድ ደሴ ላሉት የበላይ አካል አድርሶልኛል።

ደብዳቤውን በጣቢያው በር ላይ በዱቄት ሙጫ ልለጥፈው ነበር፤ ዱቄቱን በውኃ ልበጠብጥ ስል ይርገዱ ብታየኝ ምን ትለኛለች አልኩና፣ በሚስማር መታሁት። ሲያነቡት ተናደው እንደሚቀድዱት አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ይቅደዱት። ሚስማሩን ግን አይንቀሉት፤ መልስዎን ይሰቅሉበታል።