የእታለም ቤት ርክክብ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 9 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለምወድዎት እታለሜ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ልጅዎ ወለተ ሩፋኤልስ ደኅና ናት? እጅዎ እንዴት ሆነልዎ? ከጓዳው ደፍ ላይ ወድቄ ነው ብለው ያለፈውን ደብዳቤ በሰው እጅ ስላስጻፉ፣ አሁን ብዕር መያዝ ችለው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው ያባራው፤ ሐይቁ ደንገሉን አልፎ ሞልቷል፤ ገበያው ቀዝቅዟል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት የወረታው ነጋዴ ሙሀመድየሱፍ ነው። ማክሰኝት ሲደርስ ከእርስዎ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። “ለባልየውስ?” ቢለኝ፣ “ለሱ ከምትሰጠው ጣና ውስጥ ጣለው” አልሁት። አንብበው ያቃጥሉት።

ነገሩ ስለ ቤትዎ ነው።

አባታችን መሬቱን ሲያካፍለን እዚህ ፋሲሎ ሰፈር ያለውን ድርሻዎን በእኔ ስም ያስመዘገብነው ባለቤትዎ እንዳያውቀው ብለን ነበር። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የማያውቀውን አይሸጥብዎትም ብዬ አሰብሁ። ቤቱን በራስዎ ጥሪት አሠሩ፤ እኔም አከራየሁልዎት፤ ዐሥራ አንድ ዓመት እሱ ሳይሰማ ኖረ። በሐምሌ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ግን በወረቀት ሁለት ቤት ያለኝ ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ አንዱ የምኖርበት፣ ሌላው የእርስዎ። እርስዎ በወረቀት ምንም የለዎትም።

ቀኑን እንዳልሳሳት ማስታወሻ ደብተሬን ዘርግቼ ነው የምጽፍልዎት።

ሐምሌ 27 ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። መዝጋቢው መርስዔ ኀዘን የሚባል፣ የሚያውቀኝ ሰው ነው። ቤቱ የእህቴ ነው ብል ምን ይመጣል ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅሁት። “ሌላ ቤት ከሌላት የምዝገባው ቀን ሳያልፍ ራሷ ትምጣ፤ ክፍፍሉን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮችም ትያዝ” አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አንተን ግን ንብረት ሲሰውር ኖረ ይሉሃል። የዳኘውን አይተሃል” አለኝ። ዳኘው የሱቅ ጎረቤቴ ነው። ቤቱን በአማቱ ስም አድርጎ ተገኘና ታሰረ፤ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ሐምሌ 29 የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ተከራዩን አስወጣልኝ፤ ከልጄ ጋር ልምጣ፤ ከእንግዲህ አልችልም ይላል።

ነሐሴ 2 መልስ ጻፍሁልዎት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ተከራዩም የልጆች አባት ነው፤ እስከ መስቀል ይታገሡ አልሁዎት። ስለ አዋጁ አንድ ቃል አልጻፍሁም።

ነሐሴ 6 ቅጹን ሞላሁ። ትርፍ ቤት በሚለው ሥር የእርስዎን ቤት ጽፌ ፈረምሁ። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ያለው “ጉዳዩ አለቀ” የሚል ብቻ ነው።

ርክክቡ የሆነው መስከረም 20 ነው። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡ። ቤቱ ተከራይ ስላለበት ነገሩ ቀላል ነበር፤ አቶ አስናቀ እዚያው ይኖራል፣ ኪራዩን የሚቀበለው ብቻ ተለወጠ። በርና መስኮት ቆጠሩ፤ የኪራይ ውሉን ተቀበሉኝ። አስናቀ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወጥቶ ሲገባ አገኘንና፣ “ጋሼ፣ ጣሪያው ያፈሳል ስልዎት ነገ ነገ ሲሉኝ አምስት ዓመት ሞላኝ። እንግዲህ ደግሞ መንግሥት ነገ ነገ ይበለኝ” ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሚስቱ ሸዋዬ ግን አልሳቀችም። “እህትዎ ይህን ያውቃሉ?” አለችኝ። ያውቃሉ አልኋት።

ከዚያ በጓሮ በኩል ያለችውን፣ እርስዎ የቆለፏትን ክፍል ክፈት አሉኝ። ለአባታችን ተዝካር በመጡ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሰናዷት ነበር፤ ዕቃ ማስቀመጫ ናት ብለውኛል። አልጋው ተነጥፏል። ሁለት ትራስ አለበት፤ አንዱ የልጅ ነው። ሁለት ሰሃን፣ ሁለት ኩባያ፣ ያልተፈታ ሳሙና። በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አስገጥመዋል። ከቀበሌ ሰዎች አንዱ መቀርቀሪያውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ፣ “አንተ ነጋዴ፣ እዚህ ደግሞ ምን ልትደብቅ ነበር?” አለኝ።

ዕቃውን በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤቴ ወሰድሁት። ክፍሏን ባለፈው ሳምንት ለአንድ ላጤ ሰጥተዋታል።

እታለሜ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ እስክፈርም ድረስ ልጠራዎት እችል ነበር። ምስክሮቹም ሦስቱም በሕይወት አሉ፤ አንዳቸውንም ሄጄ አላነጋገርሁም። ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። እናታችን ስትሞት በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉኝ እኔ፣ እጅዎ ለምን ጤና እንደማያገኝ የማላውቅ አስመስዬ መልስ ጻፍሁልዎት።

አሁን ከሱቄ ጀርባ ያለውን መጋዘን ባዶ አድርጌ አልጋዎን አስገብቼበታለሁ። ባለቤትዎ የእኔን ቤትም ሱቅም ያውቃል፤ በዚህ ከዚያኛው አይሻልም። ሲመጣ የሚያገኘው ግን እኔን ነው። ይህ ስንት እንደሚያወጣ እርስዎ ይፍረዱ። ሙሀመድየሱፍ ቅዳሜን ማክሰኝት ያድርና እሑድ ማለዳ መኪናውን ባዶ ይዞ ይመለሳል። ከፊት የሁለት ሰው ቦታ እንዲተው ነግሬዋለሁ። ልጅቱን ብቻ ይያዙ፤ ዕቃ አይያዙ። በዚህ እሑድ ባይሆንልዎት በሚቀጥለውም ቦታው ይቆያል፤ ከዚያም በኋላ።

አምላክ ለእጅዎ ምሕረቱን ይላክ፤ ለልጅዎ ዕድሜ ይስጥልን። ይቅር ይበሉኝ ብዬ በዚህ ወረቀት አልለምንዎትም። መጥተው ፊት ለፊት ይንገሩኝ።

እርስዎ ያሳደጉት
ታናሽ ወንድምዎ