የካሹው ሥር እባጮች

ሰኞ
ዛሬም ጠወለጉ። አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን! ኢታንግ ባለው የሴቶች ማኅበር ችግኝ ጣቢያ ያሉት የካሹ ፍሬ ዛፍ ችግኞች ቀን ቀን አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ሲመሽ ምንም እንዳልነካቸው ቀና ይላሉ። እኔ የሰብል ጥበቃ ባለሙያው፣ ውሃ በዝቶባቸው ነው ብዬ ነበር። ሊቀመንበሯ እትዬ አባንግ ግን «ከታች የሚጠባ አለ» አለችኝ። ሳቅሁ። ቤት ስገባ ሳቁ ጠፋ።

ማክሰኞ
አንዱን ነቅዬ ሥሩን አጠብኩ። በስመ አብ! እባጭ በእባጭ። በጥፍሬ ብፈትገው አልላቀቅ አለ፤ ከሥሩ ጋር አንድ ሆኗል። በምላጭ ሰንጥቄ በአጉሊ መነጽር አየሁ። የስፒል ራስ የምታህል ነጭ ነገር ተቀምጣለች። ሥር የሚያሳብጠው ትል፣ ኔማቶድ፤ ሴቷ ናት። ንቅንቅ አትልም፣ ትጠባለች ብቻ። ስታከክ ዋልኩ።

ረቡዕ
«አፈሩን ከየት አመጣችሁት?» አልኳቸው ሴቶቹን። ከባሮ ወንዝ ዳር፣ በየዓመቱ ቲማቲምና ባሚያ ከሚተከልበት። «ጥቁር ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው! እዚያ የቀረውን ባሚያ ነቀልን፤ ያው እባጭ። ችግኙ ዝናብ ሲገባ ለየቤቱ ሊታደል ነበር። ከታደለ የሁሉም ጓሮ ይበከላል። ይቃጠል አልኩ።
ከሴቶቹ አንዷ ቀስ ብላ፣ «አባንግ ከዚህ አንድ ወስዳ ተክላለች» አለች።
«የት?»
«ልጇ ላይ።»

ሐሙስ
ልጇ አምና በወባ ሞቶ ግቢዋ ውስጥ ነው የተቀበረው። ካሹው ራስጌው ላይ ቆሟል። ለምለም ነው፤ ከሁሉ ያስፈራኝም እሱ ነው።
«ሳትነቅል ማወቅ አትችልም?» አለችኝ።
ከዳር ቀጭን ሥር ይበቃኛል አልኳት። እያማተብኩ ቆፈርኩ። አፈሩ ከጠበቅሁት በላይ ለስላሳ ነው፣ እጄን ዋጥ ያደርገዋል። ያወጣሁት ሥር ላይ እባጭ አለ። ልዋሻት ከጅሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ «አየሁት» አለች።

ዓርብ
ጣቢያው ያሉትን አቃጠልን። ልጇ ላይ ያለውን አባንግ ራሷ ነቀለችው፤ ማንንም አላስነካችም። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ማየት አልቻልኩም።
«አሁን እዚህ ምን ይሆናል?» አለችኝ።
አፈሩ ገና ትል አለበት፤ ለውዝ ይሻላል፣ ትሉ ለውዝን ብዙም አይደፍርም አልኳት።
«ልጄ ለውዝ ይወድ ነበር» አለች። ከዚያ መሬቱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «ፍሬው ደግሞ የሚይዘው ወደ ታች፣ አፈር ውስጥ ነው። ይደርሰዋል» አለች።
ፀጉሬ ቆመ። «አዎ፣ እትዬ» አልኩ። ነገ ዘሩን ይዤላት እሄዳለሁ።