ዜሮ የተጻፈባቸው ሁለት ማለዳዎች

ለክቡር ሚስተር ሎውል ግሪምሾ
የኬልብሩክ ከተማ ሕዝብ ማመላለሻ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኬልብሩክ፣ ኦሃዮ

ጉዳዩ፦ በሃዘል ጎዳና ማዕዘን ስለነበረው የ14 ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ፣ እንዲሁም ስለ እኔ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የመኪናዎ ሞተርም በዚህ የየካቲት ብርድ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ስለ ሞተሩ ጤና የምጨነቀው፣ እሱ ያመመው ዕለት እርስዎ ሥራ የሚገቡበት ሌላ መንገድ እንደሌለ ስለማውቅ ነው፤ የባለሥልጣኑ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት የተሠራው ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ የራሱ የባለሥልጣኑ አንድም አውቶቡስ በማይደርስበት ሜዳ ላይ ነውና።

እኔ ዋልተር ሆሉብ እባላለሁ። በዚህች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ግብሬን በወቅቱ የምከፍል፣ ፕላስቲኬን ከወረቀቴ ለይቼ የምጥል፣ በመኪናዬ የኋላ መስታወት ላይም «አውቶቡስ እወዳለሁ» የሚል ጽሑፍ የለጠፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍ እስከ ዛሬ አዘውትሮ ያነበበልኝ፣ መንገዱ ሲጨናነቅ ከኋላዬ የሚቆመው የ14 ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ብቻ መሆኑን የተረዳሁት በቅርቡ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና አቤቱታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ሳስባቸው ዘጠኝ ነበሩ። ስጽፋቸው አምስት ቀሩ፤ ለምን እንዳነሱ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል።

አንደኛ፤ ስለ ቅጠሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሰኔ አውቶቡሶቻችን ሁሉ ጎናቸው ላይ ግዙፍ አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፎባቸው፣ ከሥሩም «ምድራችንን እናድን፣ መኪናችንን ቤት እንተው» የሚል ተጽፎባቸው ብቅ ብለዋል። ሥዕሉ ውብ ነው። እርግጥ መስኮቶቹን ጭምር ስለሸፈነ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የት እንደደረሱ አያዩም፤ ነገር ግን ቅጠሉ የተሳለው ለተሳፋሪ ሳይሆን ለእኛ ለባለ መኪናዎቹ መሆኑን እረዳለሁ። ከጥር ወዲህ ደግሞ አውቶቡሱ በሰፈራችን ሳይቆም በፍጥነት የሚያልፍ በመሆኑ፣ ቅጠሉ በነፋስ የሚበር መስሎ በመታየቱ ውበቱ ጨምሯል።

ሁለተኛ፤ በሃዘል ጎዳና ዳር በነጭ ቀለም ስለተሳለው ብስክሌት። ከተሳለ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እስከ አሁን በዚያ መስመር ላይ የታየ ብስክሌት እሱ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ቀን ቀን ዕቃ አድራሽ መኪናዎች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የቆሻሻ በርሜሎች ስለሚቆሙበት በደንብ ያየው ጥቂት ሰው ነው። ለእውነት ስል ከበርሜሎቹ አንዱ የእኔ መሆኑን፣ ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የገዛሁት ብስክሌትም ጎማው ተንፍሶ ከጋራዤ ጣሪያ ላይ እንደተንጠለጠለ መጥቀስ ይኖርብኛል። ይህን አቤቱታ ሰርዤው ነበር፤ ደብዳቤው እንዳያጥር ብዬ መለስኩት።

ሦስተኛ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ከቤቴ ሁለት በር አልፎ ሚስ ኧርሊን ቶሊቨር የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸው ስድሳ አራት ነው፤ መኪና የላቸውም፤ በከተማው ሌላኛው ጫፍ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ወጥ ቤት ውስጥ ቁርስ ያዘጋጃሉ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ማዕዘን 14 ቁጥርን ተሳፍረው፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአጃ ገንፎውን ማማሰል ሲጀምሩ ኖረዋል። መሥሪያ ቤትዎ ግን «ፌርማታዎችን በማመጣጠን» ዕቅዱ መሠረት ባለፈው ጥር የፌርማታውን ምሰሶ ነቅሎ ወስዶታል። ለዘጠና ቀን ሙከራ ነው ተብለናል፤ ቦርዱ የመጨረሻውን ድምፅ የሚሰጠው መጋቢት ውስጥ ነው። ሪፖርትዎ እንደሚያስረዳው በዚህ እርምጃ አውቶቡሱ አርባ ሴኮንድ አትርፏል። በእነዚህ አርባ ሴኮንዶች ምድር ምን ያህል እንደቀዘቀዘች ባላውቅም፣ ሚስ ኧርሊን ግን በእጅጉ እንደበረዳቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ምክንያቱም አሁን ቅርብ የተባለው ፌርማታ ከአንድ ማይል በላይ ርቆ፣ ስድስት መኪና ጎን ለጎን በሚነዳበት ትልቁ መንገድ ላይ ነው። የእግረኛው መንገድ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በረዶ ጠራጊዎቹ ከአስፋልቱ ገፍተው ዳር ላይ የከመሩትን በረዶ በጨለማ እየረገጡ መሄድ ነው። ሚስ ኧርሊን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከጥር ወዲህ ሁለት ጊዜ አውቶቡሱ አምልጧቸው ሥራ አርፍደዋል፤ ሁለት ጊዜም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። በመሥሪያ ቤታቸው ሕግ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው። ሙሉ ጡረታቸውን ለማግኘት የቀራቸው አሥራ አራት ወር ነው።

አራተኛ፤ በታኅሣሥ ስለ ጠሩት ሕዝባዊ ስብሰባ። ስለ ፌርማታዎቹ ዕጣ ፈንታ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን አስተያየት ለመስማት፣ አውቶቡስ ወደማይደርስበት መሥሪያ ቤትዎ ስለጋበዙን ትሕትናዎን አደንቃለሁ። ሚስ ኧርሊን መምጫ ስላልነበራቸው ቀደም ብለው በሬን አንኳኩተው፦ «አንተ መምህር ነህ፣ አፍህ የተፈታ ነው። ሁለት ነገር ብቻ በልልኝ። በስንት ሰዓት ሥራ እንደምገባ፣ ደግሞ እዚያ ትልቁ መንገድ ላይ እግረኛ መሄጃ እንደሌለው። በቃ!» አሉኝ። «ይተዉት ለእኔ!» ብዬ በመኪናዬ ሄድኩ። መኪና ማቆሚያው እንደ እኔው አውቶቡስ እንወዳለን የሚል በለጠፉ ሰዎች መኪና ተጨናንቆ፣ ቦታ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ዞሬአለሁ።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ፣ ከፊቱም አረንጓዴ፣ ቢጫ እና ቀይ መብራት ነበር። እኔም ከግሪንላንድ የበረዶ ግግር ተነሣሁ። ቢጫው ሲበራ የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ነበር። ቀዩ ሲበራ ገና ሃዘል ጎዳና አልደረስኩም፤ የሚስ ኧርሊንን ስም አልጠራሁም፤ የሥራ ሰዓታቸውንም፣ የእግረኛውን መንገድም አላነሣሁም። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እርስዎም እጄን ጨብጠው «ግሩም ንግግር ነው» ብለውኛል፤ አሁን ሳስበው ለእርስዎ በእርግጥም ግሩም ነበር። በማግስቱ ሚስ ኧርሊን «ነገርክልኝ?» ሲሉኝ «ኧረ እንዴት ያለ ጭብጨባ ነበር መሰለዎት!» ብዬ መለስኩላቸው። ይህን መልስ ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

አምስተኛ፤ ስለ ቆጠራው። ምሰሶው ከተነቀለ በኋላ በቁጣ ነደድኩና ይህንን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ደብዳቤ ግን ይህ አልነበረም፤ እርስዎን የሚያሳፍር ነበር። ጥፋትዎን ፍለጋ መቶ አሥራ ሁለቱን የሪፖርት ገጽ አንድ በአንድ አነበብኩ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በጥቅምቱ የቆጠራ ሳምንት በአምስት ቀን ውስጥ ስድሳ ተሳፋሪ ያልተሳፈረበት ፌርማታ ይነሣል። ሃዘል ጎዳና ያገኘው ሃምሳ ስምንት ነው። ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያው የንጋት አውቶቡስ ለብቻው ተዘርዝሯል። ሰኞ አንድ፤ ማክሰኞ ዜሮ፤ ረቡዕ ዜሮ፤ ሐሙስ አንድ፤ ዓርብ አንድ።

«አገኘኋችሁ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ያ አንድ ሰው ሚስ ኧርሊን ናቸው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከሥራ አልቀሩም። ስለዚህ ፌርማታው ላይ ተሳፋሪ እንድትቆጥር የላካችኋት ቆጣሪ ማክሰኞና ረቡዕ አንቀላፍታለች ማለት ነው። ይህንኑ በቀይ ብዕር ጽፌ ሳበቃ፣ እነዚያ ሁለት ቀናት ዝናባማ እንደነበሩ ትዝ አለኝ። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

እኔ በዚያ ሰዓት ከቤት የምወጣው ወደ ጂም ለመሄድ ነው፤ በመኪና ሄጄ በመሮጫ ማሽን ላይ ባለሁበት ሁለት ማይል በእግሬ ተጉዤ በመኪና እመለሳለሁ። የዚያን ማክሰኞ ሚስ ኧርሊን ማዕዘኑ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ከአጠገባቸው ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰችው ቆጣሪ ተቀምጣለች። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ «ሚስ ኧርሊን፣ ይግቡ እንጂ! በዚህ ዝናብ ይሞታሉ እኮ!» አልኳቸው።

«ተወኝ ባክህ፣ አውቶቡሱ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው። ደግሞ ይቺ ልጅ እየቆጠረችን ነው።»

«ነገ ትቆጥርዎታለች! አውቶቡሱ የትም አይሄድም!»

ሳቁና ገቡ። ረቡዕም ዘነበ፤ ረቡዕም አስገባኋቸው። ወንበሬ እንዳይረጥብባቸው ተጨንቀው ከሥራቸው ላስቲክ አነጠፉ። ሁለቱንም ቀን መንከባከቢያው በር ላይ አድርሼ ስመለስ፣ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነኝ እያልኩ እስከ ማታ ልቤ ሞቆ ዋለ። ቆጣሪዋ አላንቀላፋችም ክቡር ሆይ። በመኪና የሄደን ሰው ባለመቁጠሯ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። እኔ ራሴ በሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «በቆጠራው ሳምንት በየቀኑ እሳፈራለሁ» ብዬ ቃል መግባቴን ልጨምርልዎ። ለዚሁ የገዛሁት የወር ትኬት ማቀዝቀዣው በር ላይ እንደተለጠፈ አለ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ምሰሶውን የነቀሉት የእርስዎ ሠራተኞች ናቸው፤ አስቀድሜ ያላላሁት ግን እኔ ነኝ። አፍሬአለሁ፤ ይህን የማስጌጥበት ሌላ ቃል የለኝም።

ያንን ገጽ ባነበብኩ ማግስት ሚስ ኧርሊን ቤት ሄጄ፣ ምክንያቱን ሳልናገር፣ በየንጋቱ በመኪናዬ ላደርሳቸው ለመንኳቸው። «አየህ ዋልተር» አሉኝ፣ «አውቶቡስ ስሳፈር የማንም እንግዳ አይደለሁም። ከፍዬ ነው የምቀመጠው። ካሻኝ አንቀላፋለሁ፣ ካልፈለግሁ ማንንም አላናግርም። አንተ መኪና ውስጥ ግን በቀልድህ መሳቅ አለብኝ።»

«አልቀልድም፣ ዝም እላለሁ!»

«አንተ ዝም ልትል! እሺ ጉንፋን የያዘህ ቀንስ?»

«አውቶቡስም እኮ ይበላሻል» አልኳቸው።

«አውቶቡስ ሲበላሽ ሌላ ይልካሉ። አንተ ስትበላሽ ማንን ይልኩልኛል?»

ወደ ቤቴ ተመልሼ ይህንን ደብዳቤ ከአዲስ ጀመርኩ።

ስለሆነም ክቡር ሆይ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባልብኝ ባውቅም፣ ሁለት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ በማክሰኞና በረቡዕ አንጻር የተጻፉት ሁለት ዜሮዎች እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ተለውጠው፣ ድምሩ ስድሳ ሆኖ ለመጋቢቱ ቦርድ እንዲቀርብ ያድርጉልኝ፤ ምስክሩም ጥፋተኛውም እኔ ስለሆንኩ በተጠራሁበት ቀርቤ ቃሌን በመሐላ እሰጣለሁ፣ ስለ ግሪንላንድም አላነሣም። ሕጉ ይህን አይፈቅድም ከተባለ ደግሞ፣ አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ፣ ቅጣቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ ከቤቴ ፊት ለፊት ሃያ ስድስት ዓመት መኪናዬን ያቆምኩበት የመንገድ ዳር ቦታ ተወስዶ ፌርማታው እዚያ ይተከል። ስፍራው ሰፊ ነው፤ ከሚስ ኧርሊን በርም አርባ እርምጃ ቢሆን ነው።

ይህን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ፣ ካልተመቸዎትም በመኪናዎ ውስጥ መንገዱ ተጨናንቆ በሚቆሙበት ጊዜ እንዲያገላብጡት እየለመንኩ፣ ለቅጠሉ፣ ለተሳለው ብስክሌት፣ ለአርባው ሴኮንድ እና ለጨበጡኝ እጅ ያለኝን ምስጋና በድጋሚ አቀርባለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
የ14 ቁጥር አውቶቡስ ወዳጅ፣ ተሳፋሪው ግን ያልሆነ፣
ዋልተር ሆሉብ
ሃዘል ጎዳና፣ ኬልብሩክ

ግልባጭ፦ ለቦርዱ አባላት በሙሉ

ማስታወሻ፦ ስለ እነዚያ ሁለት ማለዳዎች ለሚስ ኧርሊን ትናንት እስኪመሽ ድረስ አልነገርኳቸውም ነበር። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በራቸው ላይ እንደቆሙ እስከ መጨረሻው አነበቡትና አጥፈው መለሱልኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ማፈርህ ደግ ነው ዋልተር» አሉኝ፣ «ግን እኔ እፍረትህ ላይ ተሳፍሬ ሥራ አልገባም።» የተናገሩት ለእኔ ነው፤ ሆኖም ለሁለታችንም የሚበቃ ሆኖ ስላገኘሁት ለእርስዎም አያይዤ ልኬዋለሁ።