አንቺ ንገሪልኝ

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ትናንት እናቴን ይዤ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ የኪነት ቡድን ወደሚያሳየው ቴአትር ሄድኩ። ለሕክምና ከጋዝጊብላ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋለች፤ ትንሽ ትጫወት ብዬ ነበር። አንዱ ተዋናይ የባላገር ሴት ልብስ ለብሶ ወጣና፣ ሐኪሙን «አንቺ ዶክተር» እያለ እንደኛ አገር ሰው አማርኛ ይሰባብር ጀመር። አንድ ቃል ባበላሸ ቁጥር ዝም ብሎ ያየናል፤ ሳቃችንን ይጠብቃል። መጀመሪያ ከፊት የተቀመጡት ሹማምንት ሳቁ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ በአገውኛ አፋቸውን የፈቱትም ጭምር። እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

ዛሬ ጧት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደግ ልጅ ናት።

«እናቴ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎ?» ብላ ጠየቀቻት።

እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች። በዚሁ አማርኛዋ ሰቆጣ ገበያ ማር ስትሸጥ፣ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር የኖረች ሴት ናት።

«ንገሪያት እንጂ እማዬ» አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአገውኛ፣ «አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ከተናገርኩ ትስቅብኛለች» አለችኝ።

ያ ተዋናይ ይኼኔ ሌላ ከተማ ሌላ ሰው ያስቃል። እኔ ሆዷን ነው አልኩ፤ የነገረችኝ እሱን ብቻ ነው። ሌላም የሚያማት ነገር እንዳለ ግን ከፊቷ አይቻለሁ። እናት በልጇ አፍ የማታስነግረው ሕመም አለ። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባም አልተናገረችም። የሆድ መድኃኒት ተሰጥቷት ወጣን።