ጣሪያው ያልተዘጋ ቤት

ውድ ላቮን፣

እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ስልክ ብታነሺ ኖሮ ይህን ሁሉ በቃል እጠይቅሽ ነበር። አላነሳሽም። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፤ ደሜ ፈልቷል፣ እስክጨርስ ድረስም የሚበርድ አይመስለኝም።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ እኅቴን ልጠይቅ ኢንዲያና ሄጄ ስመለስ ምን ጠበቀኝ? ቤትሽ ባዶ። ደጁ ላይ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ ተተክሏል። የእኔ በረንዳ ላይ ደግሞ በቆሻሻ ከረጢት የተጠቀለለ፣ ያ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የወረቀት መቁረጫ ማሽንሽ ተቀምጧል፤ ከላዩ ብጣሽ ወረቀት ለጥፈሽበታል፦ «ሰሌዳውን ማጠብ እንዳትረሺ።» በቃ! ደህና ሁኚ የለ፣ ምን የለ። ልጆቻችን ጥርስ ሳያወጡ ጀምሮ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ኖረን፣ ስኳር ተበዳድረን፣ ባሎቻችንን አብረን ቀብረን፣ የስንብት ቃልሽ ወረቀት እንዲይዝ ሙጫ የተቀባ የፕላስቲክ ሰሌዳ ስለማጠብ ሆነ። ልጅሽ ዱዌይን አሪዞና እንደወሰደሽ የሰማሁት ከፖስተኛው ነው። ከፖስተኛው፣ ላቮን!

ማሽኑን ምድር ቤት አውርጄ የልብስ ቅርጫት ጫንኩበት። ዓይኔ ካላየው ልቤም ይተወዋል ብዬ ነበር። በጋው እንዲሁ አለፈ፤ በጥቅምት ግን ክሌተስ መጣ፣ ያ ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ የራሱን ቅጠል ጠርጎ ወደ ሰው ደጅ የሚገፋው የኛው ክሌተስ።

«መንደራችንስ?» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«የምን መንደር?»

«የወረቀቱ ነዋ! ሃሎዊን ደረሰ እኮ፤ ልጆቹ ጭራቅ መስለው በየደጁ ከረሜላ ሊለምኑ ነው። የላቮን በረንዳ ጨልሟል፣ ያንቺም ጨልሟል። እኔ ዘንድሮ የፈራሁትን የት ልክተተው? ማቀዝቀዣ ውስጥ?»

አየሽ ጉድሽን? ልማዱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። የአሪዞና ፀሐይ አስረስቶሽ እንደሆነ ላስታውስሽ። በየዓመቱ በመንገዳችን ላለው ቤት ሁሉ አንዳንድ የወረቀት ቤት ትቆርጫለሽ፤ መስኮቱ የተሰባበረ፣ በሩ ላይ የሸረሪት ድር፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሌሊት ወፍ። ጣሪያውን ግን አትዘጊውም። ከሃሎዊን በፊት ባለው እሑድ ባለቤቶቹ ጠረጴዛሽ ጋ ይመጡና በዓመቱ ከሁሉ በላይ የፈሩትን ነገር በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ፤ አጥፈው ውስጡ ከትተው ጣሪያውን በገዛ እጃቸው ይለጥፋሉ። ማንም ማንንም ምን ጻፍክ አይልም። ቤቶቹ በትንንሽ የባትሪ መብራት በረንዳሽ ላይ ሲያበሩ ከርመው፣ በሃሎዊን ማግስት መብራቱ ይወጣና ጓሮሽ ባለው የብረት በርሜል ፍርሃቱም ቤቱም አብሮ ይቃጠላል። ይህን ልማድ አንቺው ጀምረሽ፣ አንቺው ጥለሽው ሄድሽ።

«እኔ አልችልበትም» አልኩት ክሌተስን።

«ይህን ያህል ዘመን አጠገቧ ተጎልተሽ ፈንዲሻ ስትቆረጥሚ ምን ተማርሽ ታዲያ?»

ነገረኛ! በንዴት ወርጄ ማሽኑን አወጣሁት።

ምን አለፋሽ፣ ሲያዩት ቀላል የነበረው ሁሉ እጄ ላይ ጉድ ሆነ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ ስገሽልጠው እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ቀረ። «ወረቀቱን አትጎትቺ፤ ገልብጪውና ሰሌዳውን ወደ ኋላ እጠፊው» የምትይው ትዝ ያለኝ ክምር ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሰሌዳው አልይዝ አለ፤ ለካ የድመቴ ፀጉር ሙጫውን ሸፍኖታል። ወረቀቱ እየተንሸራተተ ጠንቋይዋ አፍንጫዋ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ወጣች። ማሽኑ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ሲጨርስ «ቲን!» ይላል፣ ልክ እንደሚያሾፍብኝ። አንድ ጊዜ በጥፊ ልለው ነበር።

ዋናው ጥፋት ግን ገና ነበር። መጀመሪያ ልሠራው የመረጥኩት ያንቺን ቤት ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሮቹ ተደርድረው ታዩኝ፣ ቁረጥ አልኩት፣ ቆረጠ። ሁሉንም ቆረጠ! የግድግዳውን ዳርም፣ ማጠፊያውንም። ለካ የማጠፊያው መስመር ላይ ተጭኖ ብቻ እንዲያልፍ ካልነገሩት፣ ማሽን ነውና ምን ያውቃል፣ እሱንም ይበጥሰዋል። ከሰሌዳው ሳነሳው ቤትሽ ግድግዳው ለብቻ፣ በሩ ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ ሆኖ ጭኔ ላይ ተበተነ።

አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ የነበረው ክሌተስ ደጋግሞ ሳቀ። «ይህንን ቤት አውቀዋለሁ» አለኝ። «የተፋታሁ ዕለት የእኔም እንዲህ ነበር። ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለእኔ፣ በሩ ለጠበቃው!»

ከቤት አስወጣሁት። ከዚያ ደወልኩልሽ። የምትነግሪኝ አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ መስመሩን የት ገብቼ ልቀይረው? ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዱዌይን አነሳው። «እናቴ ትንሽ ጋደም ብላለች፣ አክስት ጆሊን።» በማግስቱም ጋደም ብለሻል። በሦስተኛውም። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ቀን ተኝታ የማታውቅ፣ አሪዞና ሄዳ ድመት ሆነች እንዴ አልኩ። ማሽኑን ስቀበል መምህሬንም የተቀበልኩ መስሎኝ ነበር።

ጥርሴን ነክሼ ለብቻዬ ፈለግሁት፣ አገኘሁትም። እያንዳንዱን ማጠፊያ መስመር እየነኩ «ይህ አይቆረጥ፣ ተጫነው ብቻ» ማለት ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብኝ ውዬ አንዱ ቤት ደህና ወጣ። መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን እያሸሁ፣ በሌላው እጄ ማጠፊያውን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ሳላየው አገኘሁት፤ ጣቴ መስመሩን ይዞ ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ታጠፈ።

አንቺ እንዲህ ነበር የምታደርጊው። ባለፈው ዓመት ቤቶቹን ሁሉ ስታጥፊ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ፣ እያወራሽኝ፣ በአውራ ጣትሽ ብቻ። እኔ ደግሞ ጉራ መስሎኝ ስስቅብሽ ነበር። የመስኮቶቹን ትንንሽ ቁራጭ በመርፌ መንቀሱን ግን ለእኔ ሰጠሽኝ። «ያንቺ እጅ ቀላል ነው» አልሽኝ፤ እኔም ተኮፈስኩ! የፖም ጭማቂውን ከኩባያው አጠገብ ጠረጴዛው ልብስ ላይ ስትቀጂ «አይ እርጅና» ብለሽ አለፍሽው። የክሌተስን ጣሪያ ገልብጠሽ ስትሰጪው ቀልድ ነው አልሽ፣ ሁላችንም ሳቅን።

እንደገና ደወልኩ።

«አክስት ጆሊን፣ እናቴ ጋደም…»

«ትጋደም! የምፈልገው አንተን ነው። ላቮን ታያለች ወይስ አታይም?»

ስልኩን ይዞ ወጥቶ በር ሲዘጋ ሰማሁት።

«ዱዌይን፣ ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩ ሴት ነኝ፤ እንዳትዋሸኝ!»

«መሃሉ ጠፍቷል» አለኝ በመጨረሻ። «ዳር ዳሩ ይታያታል። ፊት ለፊት የምታየው ነገር ግን የለም፣ የሰው ፊትም ቢሆን። ከዓምና በጋ ጀምሮ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሏታል። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች።»

«ለእኔ? ለምን ተብሎ?»

«‹ጆሊን ካወቀች ኑሮዋን ትታ የእኔ ምርኩዝ ትሆናለች› ብላ ነው። ስልኩንም የማታነሳው ለዚሁ ነው። ድምፅሽን ከሰማች ዝም ማለት እንደማትችል ታውቃለች።»

ምርኩዝ! ማን ምርኩዝ ልሁን አለሽ? እኔስ ጉልበቴ ደህና መስሎሽ ነው? ደረጃ ስወጣ የምቆጥረውን እርግማን አታውቂውም? ስለ እኔ ለመወሰን እኔን መጠየቅ አይገባም ነበር? ተቀምጠሽ ለብቻሽ መከርሽ፣ ለብቻሽ ፈረድሽ፣ ቅጣቱን ግን ለእኔ ላክሽልኝ፣ በቆሻሻ ከረጢት ጠቅልለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱስ የለም እንበል፤ ጓደኛም የለሽም ነበር?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት እሑድ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ስትጽፊ ክንዴ ክንድሽን ይነካ ነበር። የጻፍሽውን አላየሁም፤ ደንባችን ነውና ፊቴን አዞርኩ። ዛሬ ግን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ምን ትጽፊያለሽ? ጣሪያውን ለጠፍሽበት። በሃሎዊን ማግስት በርሜሉ ዳር ቆመን፣ ቤትሽ ሲነድ እኔ ሞኟ «ውይ፣ እይው እይው፣ ያንቺ እንዴት ያምራል!» ስልሽ፣ አንቺ «አዎ፣ ያምራል» አልሽኝ። ለወረቀት ነግረሽ ለእኔ ነፈግሽኝ። ወረቀቱም ተቃጠለ።

ዱዌይን፣ ይህን የምታነብላት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። እስካሁን የዘለልከው ካለ ተመለስና አንብበው። ድምፅህን አታለሳልስ። እኔ ስቆጣ እንዴት እንደምጮህ ከልጅነትህ ታውቃለህ፤ እንደዚያው አድርገህ ጩህላት።

ትናንት እሑድ ነበር። ሁሉም በእኔ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። ቤቶቹ እንዳንቺ አይደሉም፤ የሌሊት ወፎቼ ዶሮ ይመስላሉ፣ ያቺን አፍንጫዋ ጀርባዋ ላይ የሆነችውን ጠንቋይ ግን ሰው ወደዳት፣ በሩ ላይ ሰቀልኳት። የዱባ ኬክ ጋገርኩ፣ መሃሉ አልበሰለም፣ በሉት። በርሜልሽን ክሌተስ እያንከባለለ ወደ ጓሮዬ አምጥቶታል። ቤቶቹን ስንደረድር ያንቺ ቦታ ላይ ደረስን።

«ገና የገዛው ሰው የለም፤ ባዶ ቤት ነው። ይለፍ» አለ ክሌተስ፣ እሱም ቀስ ብሎ።

«አይለፍም» አልኩት። «ቦታውን ተዉት።»

የወረቀት ቤትሽ ከደብዳቤው ጋር እዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። አልታጠፈም። ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ ማጠፊያዎቹንም ማሽኑ ደጋግሞ እንዲጫናቸው አድርጌያለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬዋለሁ፤ ጣት ያገኛቸዋል። ዱዌይን እንዳይነካው፣ አንቺ እጠፊው። ጣሪያው ለብቻው ነው። የዘንድሮውን መጻፍ ካቃተሽ አትጻፊ። ደውለሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ ከዚያ ባዶውን ዝጊና መልሰሽ ላኪው። ስትነግሪኝ አላለቅስም ብዬ ቃል አልገባልሽም። ምርኩዝም አልሆንሽም፤ ሥራ አለኝ፣ አንድ የማይታዘዝ ማሽን አለኝ። ግን እሰማሻለሁ።

የእኔን ፍርሃት ቤቴ ውስጥ አልከተትኩትም። ሁሉም ሲጽፍ እኔ ባዶ ወረቀት አጥፌ ጣሪያዬን ለጠፍኩ። ክሌተስ አይቶኝ «ጆሊን ጀግና ሆነች እንዴ ዘንድሮ?» አለ። ጀግና አልሆንኩም። ለወረቀት አልሰጥም ብዬ ነው። ይኸው ለአንቺ፦ እኔ የምፈራው፣ የመጨረሻውን ወሬሽንም ፖስተኛው እንዳይነግረኝ ነው።

ሃሎዊን ዓርብ ነው። ልጆቹ ከረሜላቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ ሰዉ ዱባውን ይጥላል። እኛ ግን በርሜሉን አንለኩስም። ቤትሽ ታጥፎ፣ ተዘግቶ እስኪመጣና ቦታው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ እሳት የለም ብያለሁ። ክሌተስ «እስከ ገና በሙት መንፈስ ተከብበን ልንኖር ነው?» ብሎ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። የመንገዱ ሰው ፍርሃት ሁሉ በረንዳዬ ላይ መብራቱን አብርቶ አንቺን ይጠብቃል፤ የእኔ ብቻ እዚያ የለም፣ አንቺ እጅ ነው።

ሰሌዳውን አጥቤዋለሁ።

የአጥር ማዶሽ
ጆሊን