ፎቶህ የሸፈነው ጌጅ

ልጄ በረከት፣ የሆዴ ፍሬ፣

ካለህበት ሰላምህ ይብዛልኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው በልግ ገባ። እንደምታውቀው እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ፊደሉን እየለቀምኩ ነው የምጽፍልህ።

ቤቱ ደህና ነው። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ታናሽ ወንድምህ ታምራት የጭነት መኪናህን ተረክቦ ወደ ጨንቻ ሲሚንቶ ያወጣል፣ ድንች ጭኖ ይወርዳል። አንተን በሽታ ወሰደህ እንጂ መንገድ አልወሰደህም። እኔ አሁን የምፈራው ግን መንገዱን ነው።

ከጉዞ ስትመለስ ሞተሩን ቶሎ አታጠፋም ነበር። ደጃፍ ላይ ሲንደቀደቅ "ምሳው ቀዘቀዘ፣ አጥፋውና ግባ!" ብዬ እጮሃለሁ። አንተም "እማ፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋለት ቱርቦ ገና እሳት ነው። ሮጦ የመጣን ሰው ወዲያው ታስተኚዋለሽ? ይተንፍስ እንጂ" ትለኝ ነበር። የጭሱን ሙቀት የሚያሳየውን ጌጅ ያስገጠምከው አንተ ነህ። መርፌው ማለፍ የሌለበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርክበት። ወደ ቀዩ ሲጠጋ ማርሽ ትቀንሳለህ፤ ባለ ጭነቱ ቢቆጣም ግድ አይሰጥህም።

ሰሞኑን የመኪናው ድምፅ ተለወጠብኝ። በአንተ ጊዜ የቱርቦው ፉጨት ቀጭንና ንጹሕ ነበር፤ አሁን እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ለታምራት ብነግረው ሳቀብኝ። "እማ ደግሞ መካኒክ ሆነች! ካላፏጨ ምኑን ቱርቦ ሆነ?" አለኝ። ጌጁስ ምን ይላል ስለው፣ "በረከት ከፊቴ እያለ ምን እሆናለሁ" አለ። ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጨንቻ ያለችው እህቴ ታማ ልጠይቃት ከእሱ ጋር ወጣሁ። ጋቢና ስገባ አንተ ተቀበልከኝ። ለሙት ዓመትህ ያሳተምነውን ፎቶ ከመሪው ፊት ለጥፎታል። ዳሰስኩህ፣ አለቀስኩም።

ዳገቱ መሃል ስንደርስ መኪናው ጉልበት አጣ። በመስታወቱ ሳይ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ይከተለናል። ታምራት ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፤ በእኔ በኩል ገደሉ አፉን ከፍቷል። ያኔ ነው የገባኝ። አንተን የለጠፈህ ጌጁ ላይ ነው።

ፎቶህን ላጥኩት። "የሟች ፎቶ ይላጣል እንዴ!" ብሎ ጮኸብኝ። ጥጉ ተቀደደ። ከሥሩ መርፌው ቀዩን መስመር አልፎ ቆሟል። ታምራት ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ማርሽ ቀንሶ እየተሳበ ሜዳ አገኘና ጥግ ያዘ። ሊያጠፋው ቁልፉን ሲጨብጥ እጁን ያዝኩት። መርፌው እስኪወርድ ድረስ ሞተሩን ሳናጠፋ ጠበቅን።

ቀስ ብለን ቁልቁል መለስነው። እዚህ ሲቀላ ሰፈር ያለው መካኒክ ከፍቶ ሲያየው የቱርቦው ዘንግ ላልቶ ዘይት ወደ ጭስ መውጫው እየገባ ይቃጠል ነበር። ትንሽ ብትገፉበት ኖሮ ተሰባብሮ ሞተሩን ይዞት ይሄድ ነበር አለን። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሞተር ቢጠፋ! ከዚያ በኋላ ያለውን ላስበው አልደፍርም።

ቱርቦው ተቀየረ። ታምራትም ዛሬ ጠዋት እንደገና ወጣ። እዚህ እየዘነበ ነው፤ እላይ ጨንቻማ ይብስበታል። ስልኩን ብሞክር አይጠራም። ፈራሁ፣ ልጄ። አንተ ስትታመም አጠገብህ ተቀምጬ እጅህን እይዝ ነበር። የእሱን እጅ በዚያ ዳገት ላይ ማን ይይዝልኛል?

ፎቶህ ተቀደደ ብሎ ስላዘነ ሌላ አሳትሜ ልሰጠው አስቤ ነበር። ተውኩት። የሚወድህን ያህል ዐይኑ ወደ አንተ ይሄዳል፤ ዐይኑ ደግሞ ለመንገዱ ያስፈልገዋል። አንተን ማስታወስ የእኔ ሥራ ይሁን። ትንፋሼ እስካለች ስምህን ሳልጠራ አላድርም፤ የእሱንም ድርሻ እጨምርበታለሁ። እሱ መርፌውን ይይ።

እናትህ